ወሲባዊ ጥቃት ያደረሱ ታዳጊዎችና አዳሪ ማገገሚያ፦ ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

እስቲ በአንድ ከባድ ጥያቄ እንጀምር። አንድ የ14 ዓመት ልጅ በ7 ዓመት እህቱ ላይ ለወራት ወሲባዊ ጥቃት ሲያደርስ እንደቆየ ወላጆቹ ዛሬ ቢደርሱበት፣ ልጁ ዛሬ ማታ የት ይደር ትላላችሁ?

ብዙ ጊዜ የምንሰማቸው መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ይታሰር፤ እንዲህ ያለ ሰው መቼም አይለወጥም» የሚል ነው። ሌላኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጅ እኮ ነው፤ ነገሩ ከቤት ሳይወጣ እንጨርሰው» ይላል። ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የሚጋሩት ነገር አለ፦ ሁለቱም ልጁን አያክሙትም፣ ሁለቱም ልጅቷን ምን እንደምትፈልግ አይጠይቋትም። በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ ግን ለአሥርት ዓመታት ሦስተኛ መንገድ ሲሞከር ቆይቷል። ልጁ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ እየተማረና እየታከመ የሚኖርበት አዳሪ ማገገሚያ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ መንገድ ነው፤ መቼ እንደሚጠቅም፣ መቼ ደግሞ ራሱ ጉዳት እንደሚያመጣ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ተጎጂዋን እናስቀድም። ጥቃቱ በቅርብ የደረሰ ከሆነ፣ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ስለዚህ ሽማግሌ ከመሰብሰብ በፊት ሐኪም ቤት መሄድ ይቀድማል። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ሕክምናውንና የሕጉን ሥራ በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል መኖሩን ልብ በሉ። አሁን ወደ ልጁ እንመለስ።

አጥፊዎቹ እነማን ናቸው?

በልጆች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ስናስብ ቶሎ የሚታየን ጎልማሳ ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜም የማናውቀው ሰው። ዴቪድ ፊንክልሆርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በኩል ያወጡት ዘገባ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥፋት ፈጽመዋል ተብለው ፖሊስ ዘንድ ከታወቁት ሰዎች ውስጥ 35.6 በመቶዎቹ ራሳቸው ከ18 ዓመት በታች ነበሩ። ከሦስት ከአንድ በላይ ማለት ነው። ከእነዚህ ታዳጊዎች ውስጥ ከስምንቱ አንዱ ገና 12 ዓመት አልሞላውም። 7 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ትንንሽ ልጆች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ደግሞ የሚበዛው አጥፊው ከ12 እስከ 14 ዓመት ላይ ሲሆን ነው።

ዕድሜው ራሱ ብዙ ይናገራል። ጉርምስና የሚጀምርበት፣ ስለ ወሲብ የማወቅ ጉጉት የሚነሣበት፣ ራስን የመግታት ችሎታ ግን ገና ያልበሰለበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ በብዙ ቤት ታናናሾቹን «ጠብቅ» ተብሎ የሚተወው እሱው ነው።

ታዲያ እነዚህ ልጆች ከሌሎች ጥፋተኛ ታዳጊዎች በምን ይለያሉ? ማይክል ሴቶ እና ማርታን ላሉሚዬር የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 59 ጥናቶችን ሰብስበው አነጻጽረዋል። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው መልስ «መጥፎ ጓደኛ ገጥሞት ነው» ወይም «ሱሰኛ ሆኖ ነው» የሚል ነው። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው፤ ወሲባዊ ጥፋት የፈጸሙት ልጆች ከሌሎቹ ጥፋተኞች ያነሰ የወንጀል ታሪክ፣ ያነሱ ወንበዴ ጓደኞች፣ ያነሰ የመጠጥና የዕፅ ችግር ነበረባቸው። በዝቶ የታየባቸው ሌላ ነው፦ እነሱ ራሳቸው ጥቃት የደረሰባቸው መሆን፣ በልጅነት የወሲብ ፊልም ወይም ወሲባዊ ጥቃት ማየት፣ ከእኩዮች ተነጥሎ ብቻ መሆን፣ ጭንቀት። ጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ወደ ትንንሽ ልጆች ያዘነበለ የወሲብ ስሜት አለ። እነዚህ የተለየ ክትትል ያስፈልጋቸዋል፤ የሌሉ አስመስሎ ማለፍ አይጠቅምም።

አንድ ነገር ላይ ግን እንዳንሳሳት። ጥቃት ከደረሰባቸው ልጆች አብዛኞቹ በሕይወታቸው ማንንም አያጠቁም። «የተነካ ይነካል» የሚለውን አባባል ለተጎጂ ልጅ ፊት መናገር ሁለተኛ ጉዳት ነው።

የዊስኮንሲን ቆጠራ

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ማዲሰን፣ ሜንዶታ የሚባል የታዳጊዎች ሕክምና ማዕከል አለ። እዚያ ለብዙ ዓመታት የሠራው ሳይኮሎጂስት ማይክል ካልድዌል አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሣ፦ ወሲባዊ ጥፋት የፈጸመ ልጅ ተፈትቶ ሲወጣ፣ በሌላ ወንጀል ገብቶ ከነበረ ልጅ ይልቅ ወሲባዊ ጥፋት ይደግማል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከግዛቱ ዝግ ተቋማት የወጡ 249 በወሲባዊ ጥፋት የተፈረደባቸውን እና 1,780 በሌላ ወንጀል የገቡ ታዳጊዎችን ለአምስት ዓመት ተከታተለ። ከመጀመሪያዎቹ 6.8 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 5.7 በመቶ በአዲስ ወሲባዊ ጥፋት ተከሰሱ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አይበልጥም። ሌላኛው ቁጥር ደግሞ የበለጠ ያስደነግጣል። በዚያ ጊዜ ከተፈጸሙት አዳዲስ ወሲባዊ ጥፋቶች ውስጥ 85 በመቶ ያህሉን የፈጸሙት ማንም «የወሲብ አጥፊ» ያላላቸው ልጆች ናቸው። በሁለቱ ቡድን ልጆች 54 ግድያ ተፈጽሟል፤ አንዱንም እንኳ በወሲባዊ ጥፋት የገባ ልጅ አልፈጸመውም። እንግዲህ ሕጉ በሙሉ ዓይኑ የሚያያቸው ልጆች አንድ ቦታ ላይ ናቸው፣ አደጋው ግን ከሌላ በኩል ይመጣ ነበር።

ካልድዌል እዚያ ላይ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2016 106 ጥናቶችን፣ ከ33,000 በላይ ታዳጊዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲያሰላ፣ በአማካይ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ወሲባዊ ጥፋት የደገሙት ከ5 በመቶ በታች ሆኑ። ከ2000 ወዲህ የተሠሩትን ጥናቶች ለብቻ ሲያይ ቁጥሩ ከ3 በመቶም በታች ወረደ። ማንኛውንም ዓይነት ጥፋት የፈጸሙት ግን 38 በመቶ ገደማ ናቸው። ስርቆት፣ ድብድብ፣ ዕፅ ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ቆይ፣ ይሄ ፖሊስ የያዘውን ብቻ አይደለም እንዴ የሚቆጥረው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ልክ ናችሁ። ወሲባዊ ጥቃት አብዛኛው ሳይነገር የሚቀር ወንጀል ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። ሆኖም የዊስኮንሲኑ ንጽጽር አይፈርስም፣ ምክንያቱም መደበቁ ለሁለቱም ቡድኖች አለ። እንዲያውም አንዴ በወሲባዊ ጥፋት የተያዘ ልጅ ላይ ዓይን ይበዛበታል፤ ቢደግም የመያዝ ዕድሉ የሚሰፋው የእሱ ነው።

አዳሪ ማዕከል የገቡትን ለብቻ እንያቸው። ሄንድሪክስና ቤይሌፌልት የተባሉ ተመራማሪዎች በኔዘርላንድስ በአዳሪ ማዕከል የታከሙ 114 ታዳጊ ወንዶችን ከወጡ በኋላ በአማካይ ለዘጠኝ ዓመት ተከታትለዋል። ወሲባዊ ጥፋት የደገሙት ከአሥሩ አንድ ያህል ናቸው። ሌላ ማንኛውንም ጥፋት ስንጨምር ግን ከአሥሩ ሰባት። ቁጥሩ ከካልድዌል ከፍ ማለቱ አይግረማችሁ፤ አዳሪ ማዕከል የሚላኩት በጣም የከበዱት ናቸው፣ ክትትሉም ረዘም ያለ ነው። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሌላ ነው፦ ሌት ተቀን ስለ ወሲባዊ ጥፋቱ ብቻ የሚያወራ ማዕከል፣ ልጁ በብዛት የሚወድቅበትን ጉዳይ ሳይነካ ይለቀዋል።

የትላልቅ ሰዎች ልብስ

እነዚህ ማዕከሎች አሜሪካ ውስጥ በብዛት የተከፈቱት በ1980ዎቹ ነው። ችግሩ፣ ሕክምናው የተቀዳው ለጎልማሳ ወንጀለኞች ከተዘጋጀው ነበር። የአባቱን ኮት ለልጅ እንደማልበስ አስቡት። የ13 ዓመት ልጅ በየቡድኑ ስብሰባ ተነሥቶ «እኔ የወሲብ አጥፊ ነኝ» እንዲል፣ ያደረገውን በዝርዝር በሌሎች ልጆች ፊት እንዲያወራ ይደረግ ነበር። «ሁሉንም አልተናዘዝክም» ተብሎ የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ላይ የሚቀመጥም ነበር። እስኪ እናንተ ፍረዱ፤ ቤቱ መመለስ የሚፈልግ ልጅ፣ በቂ አልተናዘዝክም ሲባል ምን ያደርጋል? ይጨምራል። የሆነውንም ያልሆነውንም ይጨምራል።

በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ደግሞ የታዳጊዎቹን የወሲብ ስሜት የብልታቸውን ለውጥ በሚለካ መሣሪያ የመመርመር ልማድ ነበር፤ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2010 ሕዝብ ካወቀውና ጥያቄ ከተነሣ በኋላ ነው። ይህን ስጽፍ ሥራው በሐኪሞች ስም ይካሄድ እንደነበር መዘንጋት አልችልም።

ከውስጥ የመጣው ተቃውሞ ቀደም ብሎ ነበር። ማርክ ቻፊንና ባርባራ ቦነር እ.ኤ.አ. በ1998 «አትተኩሱ፣ ልጆቻችሁ ነን» የሚል ርዕስ ባለው ጽሑፍ፣ ባለሙያው ማኅበረሰብ መጠኑን አልፎ እንደሆነ በግልጽ ጠየቁ። ሁለቱም የሕፃናት ጥቃት ላይ የሚሠሩ ሰዎች መሆናቸው ነው ጽሑፉን ከባድ ያደረገው። ለተጎጂ የሚቆረቆር ሰው «ያለ ማስረጃ እየሠራን ነው» ሲል ለመናቅ ያስቸግራል።

ልጆችን አንድ ላይ ማኖር የሚያመጣው ጣጣ

አዳሪ ማገገሚያ ከባሕርዩ አንድ አደጋ አለበት፤ ጥፋት ያጠፉ ልጆችን አንድ ጣሪያ ሥር ይሰበስባል።

ኦሪገን ውስጥ ቶማስ ዲሽየንና ባልደረቦቹ ከ13 እስከ 14 ዓመት ያሉ ወንዶች ከጓደኛቸው ጋር ሲያወሩ በቪዲዮ ቀረጹ። የሚለኩት ቀላል ነገር ነበር፦ አንዱ ሕግ ስለ መጣስ ሲያወራ ሌላው ይስቃል ወይ? ሳቅ ለዚህ ዕድሜ ሽልማት ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በሳቅ የሚታጀብላቸው ልጆች ቆየት ብለው ጥፋታቸው ጨመረ። ዲሽየን፣ ጆአን ማኮርድና ፍራንስዋ ፑሊን እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን ከአንድ አሮጌ ሙከራ ጋር አያያዙት። ማሳቹሴትስ ውስጥ በ1939 የተጀመረ ሙከራ ነው፤ ልጆች ጥንድ ጥንድ ተደርገው አንዱ ለዓመታት ምክርና ድጋፍ ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም። ከ30 ዓመት በኋላ ሲታዩ የተረዱት ብሰው ተገኙ። ጉዳቱ የጎላው ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ክረምት ካምፕ በተላኩት ላይ ነበር። ልጆቹ ካምፑን ወደውታል፤ ቤተሰብም አመስግኗል። ምስጋና ውጤት አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ ማዕከል ስትሰሙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንት የቡድን ስብሰባ አላችሁ?» ሳይሆን «በስብሰባዎቹ መካከል ባለው ጊዜ ልጆቹ ከማን ጋር ናቸው?» የሚለው ነው። እራት ላይ፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ከመብራት መጥፋት በኋላ።

ሜንዶታ ይህን ችግር በአንድ መንገድ ሞክሮታል። ማዕከሉ ለወሲባዊ ጥፋት ብቻ የተከፈተ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም የሚቀበለው የታዳጊ ማረሚያዎች «አልቻልነውም» ብለው የሚልኩትን ልጅ ነበር። ያለውም በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ግቢ ነው። ክፍሎቹ የአንድ ሰው ናቸው፣ ቡድኖቹ ትንንሽ። ዋናው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ልጁ ያምፃል፣ ይቀጣል፣ በቅጣቱ ይብሳል፣ ቅጣቱም ይከብዳል፤ ይህ ሰንሰለት እስካልተቆረጠ ድረስ ምንም ምክር አይገባውም። ስለዚህ የዛሬ ባሕርይው የነገውን መብት ይወስናል። ዛሬ ጥሩ ከዋለ ነገ ተጨማሪ ነገር ያገኛል፤ ዛሬ ካበላሸ ነገ ያጣል፣ ከነገ ወዲያ ግን እንደገና ከአዲስ ይጀምራል። ቂም የሚያዝ መዝገብ የለም። ባለሙያዎቹም ልጁ ሲሳደብና ሲመታ «ሕክምና እምቢ አለ» ብለው አይተዉትም፣ ሌላ ቀን ሞክረው ይመለሳሉ።

ውጤቱ? በሥነ ልቦና መለኪያ ከባድ የሚባል የጭካኔ ባሕርይ የታየባቸው 141 ታዳጊዎች ሲነጻጸሩ፣ በተለመደው ማረሚያ የቆዩት 85 ልጆች በሁለት ዓመት ውስጥ የኃይል ወንጀል የመፈጸም ዕድላቸው ሜንዶታ ከታከሙት 56 ልጆች ከእጥፍ በላይ ነበር። ልጆቹ በዕጣ የተመደቡ አይደሉም፤ ስለዚህ ይህን እንደ መጨረሻ ቃል መውሰድ አይቻልም። ቢሆንም «እነዚህስ አይድኑም» የተባሉት ላይ የታየ ነው።

ጥሩ ማዕከል ውስጥ ቀኑ እንዴት ይውላል?

አብዛኛው ሰዓት ሕክምና የሚመስል ነገር የለውም። ትምህርት አለ፤ ብዙዎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ስለሚመጡ ከባዱ ሥራ ሒሳብና ማንበብ ሊሆን ይችላል። ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ስፖርት። ክፍል ለየብቻ ነው፤ በር ሲከፈት የሚጮህ ደወል ያላቸውም አሉ፣ የሌሊት ሠራተኛም አይተኛም። ይህ ከልጁ ይልቅ አብረውት ያሉትን ለመጠበቅ ነው፣ ምክንያቱም ማዕከል ውስጥም ጥቃት ሊደርስ ይችላል።

ከሳይኮሎጂስቱ ጋር የሚደረገው ሥራ መልክ አለው። ልጁ ያደረገውን የራሱ ያደርጋል፤ «እሷ ናት የመጣችው»፣ «ጨዋታ ነበር» ማለቱን ይተዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሰዓታት ምን ይሰማው እንደነበር፣ ብቻውን እንደሆነ፣ ምን ሲያይ እንደነበር ወደ ኋላ ይከተላል። ፈቃድ ማለት ምን እንደሆነ ይማራል፤ የ7 ዓመት ልጅ ዝም ማለቷ ወይም መሳቋ ፈቃድ ሊሆን እንደማይችል ጭምር። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ ነግሮት የማያውቅ ልጅ ስንት እንደሆነ ብታውቁ ትገረማላችሁ። እሱ ራሱ ጥቃት ደርሶበት ከሆነም ያ ለብቻው ይታከማል፤ ግን ለጥፋቱ ማመካኛ እንዲሆን አይፈቀድም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ነው የባለሙያው ፈተና።

ከዚያ ደብዳቤው ይመጣል። ልጁ ለተጎጂዋ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደጋግሞ ይጽፈዋል፣ ይቅርታ መለመኑ እስኪወጣለት ድረስ። ለምን ይቅርታው ይወጣል? ይቅር በይኝ ማለት በእሷ ላይ ሌላ ሸክም መጣል ስለሆነ። ደብዳቤው ይድረስ አይድረስ የምትወስነው ደግሞ እሷና የእሷ ሐኪም ናቸው። ብዙ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እኛ አገር ታላላቆች ፊት አስቀምጦ «ተሳሳሙ» ማለት የተለመደ ስለሆነ፣ ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ የአዳሪ ማዕከል ትልቁ ጥቅም ይሄው ይመስለኛል። ተጎጂዋና አጥፊው አንድ ቤት ሲሆኑ አንዱ መውጣት አለበት። በብዙ ቤተሰብ የምትወጣው ልጅቷ ናት፤ አክስቷ ቤት ትላካለች። ከትምህርት ቤቷ፣ ከጓደኞቿ፣ ከአልጋዋ ትነቀላለች፣ ልክ ጥፋተኛዋ እሷ እንደሆነች። ልጁ ሲወጣ ግን ቤቱ ለእሷ ይቀራል፤ እናትና አባትም በአንድ ጊዜ የሁለት ልጆች ወላጅ መሆንን የሚማሩበት ጊዜ ያገኛሉ።

ሁሉም ይግባ ወይ?

አይግባ። ሚዙሪ ውስጥ ቻርልስ ቦርዱዊንና ባልደረቦቹ 48 ታዳጊዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን አገልግሎት አገኘ። ለሌላው መልቲሲስተሚክ ቴራፒ የሚባለው ተሰጠ፤ ባለሙያው ወደ ልጁ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሠፈር እየሄደ ከወላጆቹ ጋር የሚሠራበት መንገድ ነው። ወደ ዘጠኝ ዓመት በተጠጋ ክትትል በወሲባዊ ጥፋት እንደገና የተያዙት ቤታቸው ከታከሙት 8 በመቶ፣ ከሌሎቹ 46 በመቶ ሆኑ። ሁለት ማሳሰቢያ፦ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ጥናቱን ያካሄዱትም ሕክምናውን ያዘጋጁት ሰዎች ናቸው። በቺካጎ አካባቢ 127 ታዳጊዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤትም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ አቅጣጫ አሳይቷል።

እንግዲህ ልጁ ቤት ሆኖ መታከም ከቻለ፣ ማለትም ተጎጂዋ እዚያ ከሌለች፣ የሚጠብቀው ትልቅ ሰው ካለ፣ ያደረገውን ካልካደ፣ ቤቱ ይሻላል። አዳሪ ማዕከል የሚሆነው ተጎጂዋ አንድ ቤት ውስጥ ስትሆን፣ ልጁ በኃይል ሲያስገድድ፣ ደጋግሞ ተመክሮ ሲቀጥል፣ ወይም የሚጠብቀው ሰው ሲጠፋ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአዳም ዋልሽ ሕግ፣ 14 ዓመት የሞላቸውና ከባድ ወሲባዊ ጥፋት የፈጸሙ ታዳጊዎች በአጥፊዎች መዝገብ እንዲገቡ ይጠይቃል። አፈጻጸሙ በየግዛቱ ይለያያል። ኤሊዛቤት ለቱርኖና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ መዝገብ ውስጥ የገቡ ልጆች ካልገቡት ጋር ሲነጻጸሩ ባለፉት 30 ቀናት ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረናል የማለታቸው ዕድል አራት እጥፍ ያህል ነበር። ስለዚህ ልጃችሁ «ቶሎ ይለቅ» ብላችሁ ጥፋቱን ለማመን ከመፈረማችሁ በፊት፣ መዝገብ ያስገባዋል አያስገባውም፣ ካስገባው ለስንት ዓመት እንደሆነ ጠበቃውን በግልጽ ጠይቁት።

የኢትዮጵያ ሕግስ?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዕድሜን በሦስት ይከፍላል። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ይጠየቃል፣ ግን ለእሱ የተለዩ እርምጃዎች ናቸው የሚወሰኑት፤ ከእነዚህ መካከል ወደ ሕክምና ተቋም መላክ፣ በክትትል ሥር ማስተማር፣ ተግሣጽ፣ ወደ ማረሚያ ተቋም ማስገባት ይገኛሉ። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፣ ዳኛው ቅጣቱን ማቅለል ይችላል። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሕክምና ከእርምጃዎቹ አንዱ ሆኖ ተጽፏል። አዲስ አበባ ልደታ ያለው፣ ሰው «ሪማንድ ሆም» የሚለው ተቋም ደግሞ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የታዳጊዎች ማረሚያ ነበር። አንድ ግቢ ለአንድ አገር ማለት ነው፤ ሕጉ ላይ ያለው «የሕክምና ተቋም» የሚለው ቃል ዳኛው እጅ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከጥናቶቹ ስንነሣ ግን ብዙው ሥራ ሕንጻ አይጠይቅም። የሠለጠነ የማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ልጁን ለጊዜው የሚያኖር፣ ትንንሽ ልጆች የሌሉበት የዘመድ ቤት፣ በየሳምንቱ የሚደረግ ምክር፣ በጽሑፍ የተቀመጠ የጥንቃቄ ስምምነት። ማን ማንን አያጥብ፣ ማን ከማን ጋር ብቻውን አይቅር፣ ስልኩ የት ይደር የሚል ዓይነት ስምምነት ነው። «ከቤት አይውጣ» ከሚለው የሚለየው፣ ተጎጂዋ ሐኪምና የሚሰማት ሰው ያላት መሆኗና ጉዳዩ ሕግ አካል ዘንድ መታወቁ ነው። ዘመድ ቤት ሲላክም ዘመዶቹ ምክንያቱን ማወቅ አለባቸው፤ «ለትምህርት ነው» ብሎ መላክ ሌላ ልጅ ላይ መጫወት ነው።

ማዕከል አግኝታችሁ ልጃችሁን ለማስገባት ካሰባችሁ፣ ስለ ግቢው ስፋት ብዙ አትጠይቁ። ቤተሰቡን በሳምንት ስንት ጊዜ ታገኙታላችሁ በሉ። ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሰው ስንት ነው በሉ። ለእህቱ ሐኪም የምትደውሉት መቼ ነው በሉ። ከወጣ በኋላስ ለስንት ወር ትከታተሉታላችሁ በሉ። የመጨረሻው መልስ «ሲወጣ የእኛ ሥራ ያበቃል» ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።